አረንጓዴው ዱቄትና የበለዘው ጥርስ



ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ መቂ ወይም ዝዋይ ላይ ወርዶ ሻይ የጠጣ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ሻይ የምታቀርበው ወጣት ስትስቅ እጇ ወደ አፏ ይሄዳል። ጥርሷ በልዟል። ከፊት ያሉት ሁለት ጥርሶቿ ላይ የቡና አተላ የመሰለ ቀለም በአግድም ተሰምሯል፤ በመፋቂያ ቢሹት፣ በሳሙና ቢያጥቡት አይለቅም። "ከምን መጣ?" ብሎ ለሚጠይቅ እንግዳ የአገሬው መልስ አጭር ነው፦ "የውሃው ነው።"

መልሱ ትክክል ነው። በስምጥ ሸለቆ ከመሬት በታች ያለው ውሃ በእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ሲመላለስ ፍሎራይድ የተባለውን ንጥረ ነገር እያሟሟ ይሸከማል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በሸለቆው ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ይህን ጣሪያ ያልፋሉ፤ አንዳንዶቹም በብዙ እጥፍ። ጥርስ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ፣ ማለትም ልጁ ስምንት ዓመት እስኪሞላው ባሉት ዓመታት፣ የገባው ፍሎራይድ የጥርሱን ሽፋን ያበላሻል። ያው ውሃ ለአሥርና ለሃያ ዓመት ሲጠጣ ደግሞ ወደ አጥንት ይዘልቃል፤ አንገት አልዞር፣ ወገብ አልታጠፍ ይላል።

ታዲያ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በስልክ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወር አንድ ማስታወቂያ አለ። ስፓይሩሊና ወይም ክሎሬላ የሚባል፣ ከዋቅላሚ የተሠራ አረንጓዴ ዱቄት፣ በማንኪያ ውሃ ውስጥ በጥብጠው ቢጠጡት እርሳሱንም፣ ሜርኩሪውንም፣ አርሴኒኩንም፣ ፍሎራይዱንም ከሰውነት ጠራርጎ ያወጣል ይላል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ በሻንጣ ይዞት ይመጣል፤ አዲስ አበባ ውስጥም ይሸጣል። የልጇ ጥርስ የበለዘባት እናት ይህን ስትሰማ ልቧ ቢከፈት አይፈረድባትም። የዛሬው ዝግጅት ይህን ዱቄት ይዞ እስከ ምንጩ ይወርዳል፤ እውነት ያለበትን ቦታ እውነት፣ የሌለበትን የለም ለማለት።

ምንጩ ደግሞ ከቤታችን ሩቅ አይደለም። ከሻላ ሐይቅ ግርጌ ጭቱ የሚባል ትንሽ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ሐይቅ አለ። ውሃው ወፍራም ሾርባ ይመስላል፤ በእጅ ቢዘግኑት ጣት መሃል አረንጓዴ ጭቃ የሚመስል ነገር ይቀራል። ይህ በዓይን የማይታዩ፣ እንደ ጠመዝማዛ ሽቦ የተጠቀለሉ ደቂቅ ሕዋሳት ክምችት ነው፤ ገበያው ስፓይሩሊና የሚለው ዘር ይኸው ነው። በሳይንሱ አመዳደብ እንዲያውም ከባክቴሪያ ወገን ነው፤ በልማድ ግን ዋቅላሚ ይባላል። ፍላሚንጎዎቹ በሺህ እየሆኑ ጭቱ ላይ የሚሰፍሩት እሱን ለመልቀም ነው፤ የላባቸው ሮዝ ቀለምም ከዚሁ ምግባቸው የሚመጣ ነው። ቢሾፍቱ አካባቢ ያለው አረንጓዴ ሐይቅም ስሙን ያገኘው በዚሁ ዘር ነው።

ለሰውም ምግብ ሆኖ ኖሯል። በቻድ ሐይቅ ዳር የካኔምቡ ሴቶች ከትናንሽ ጨዋማ ኩሬዎች አረንጓዴውን አተላ በቅል ይቀዳሉ፣ አሸዋ ላይ አፍስሰው ያደርቁታል፣ እንደ ቂጣ ቆራርጠው ገበያ ያወጡታል። ስሙ "ዲሄ" ነው፤ ከወጥ ጋር ይበላል። ከደረቅ ክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ፕሮቲን ነው። ስለዚህ ምግብነቱ አያጠያይቅም። ጥያቄው መድኃኒትነቱ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ማስታወቂያው የማይነግረን አንድ ነገር አለ። ስፓይሩሊና የሚመቸው ሶዳ የበዛበት ውሃ ነው፤ በአገራችን ሶዳ የበዛባቸው ሐይቆች ደግሞ ፍሎራይድ የበዛባቸው ናቸው። በሻላና በአብያታ ሐይቆች በአንድ ሊትር ከመቶ ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ ተለክቷል። ያ አረንጓዴ ነገር በእንዲህ ዓይነት ውሃ ውስጥ ሲራባና ሲጠግብ ይኖራል፤ ውሃውን ግን ከፍሎራይድ ሲያጠራው አልታየም። ሐይቁ ራሱ ምስክር ነው።

ስለ ከባድ ብረቶች የሚባለው ግን ከባዶ ሜዳ የተነሣ ወሬ አይደለም። የዋቅላሚ ሕዋስ ግድግዳ ላይ ኔጌቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ብዙ ነጥቦች አሉ። እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ስትሮንቲየም የመሳሰሉት ብረቶች ውሃ ውስጥ ሲሟሙ ፖዘቲቭ ሙል ይይዛሉ። ሁለቱ ይሳሳባሉ፤ ብረቱ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1964 (ቀጥለው የሚመጡት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በካናዳ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከቡናማ የባሕር ዋቅላሚ የሚወጣውን አልጂኔት የተባለ ንጥረ ነገር ሞክረው ነበር። ዘመኑ ታላላቆቹ መንግሥታት የአቶም ቦምብ በአየር ላይ ይሞክሩ የነበረበት ማግስት ነው፤ ጨረር ያለበት ስትሮንቲየም በሣር አድርጎ ወተት ውስጥ ይገባል የሚለው ስጋት ሁሉንም ያስጨንቅ ነበር። ተመራማሪዎቹ ያገኙት አልጂኔት ስትሮንቲየምን አንጀት ውስጥ ይዞ ወደ ደም የሚያልፈውን መጠን እንደሚቀንስ ነው። አንጀት ውስጥ የሚለውን ቃል አድማጮች ያዙልን። አጥንት ውስጥ የገባውን ቆፍሮ ያወጣል ያለ የለም።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚይዘው ምሳሌ የባንግላዴሽ ነው። በዚያች አገር ሕዝቡ ከኩሬ ውሃ በሚመጣ ተቅማጥ እንዳያልቅ ተብሎ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሚሊዮኖች የእጅ ፓምፕ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ውሃው ጥርት ያለ ነበር፤ ነገር ግን ከምድሩ አርሴኒክ ይዞ ይወጣ ነበር። ዓመታት ካለፉ በኋላ የሰዎች መዳፍና ውስጥ እግር እንደ ጠጠር ይሻክር፣ ቆዳቸው ይጠቋቁር ጀመር። የዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት በ2000 ባወጣው ጽሑፍ ነገሩ በታሪክ ትልቁ የሕዝብ መመረዝ ተብሎ ተገለጸ። ከስድስት ዓመት በኋላ የታተመ አንድ ጥናት 41 ሕሙማንን ለሁለት ከፈለ። ሃያ አራቱ በቀን ሁለት ጊዜ 250 ሚሊግራም የስፓይሩሊና ጭማቂና ሁለት ሚሊግራም ዚንክ ለ16 ሳምንት ወሰዱ፤ አሥራ ሰባቱ መድኃኒትነት የሌለው ማስመሰያ ተሰጣቸው። ስፓይሩሊናውን የወሰዱት ቆዳቸው ተሻሻለ፣ ከፀጉራቸው የተለካው አርሴኒክም ቀነሰ።

ማስታወቂያው ይህን ጥናት ይጠቅሳል፤ መጥቀሱ መልካም ነው። የሚተወው ግን አንድ መስመር አለ፦ ጥናቱ ሲጀመር በእያንዳንዱ ሕመምተኛ ቤት የውሃ ማጣሪያ ተተክሎ ነበር። መርዙ መግባቱን እንዲያቆም መጀመሪያ በሩ ተዘጋ፤ ስፓይሩሊናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዚንኩ የቱን ያህል ረዳ፣ ስፓይሩሊናው የቱን ያህል የሚለውንም ከዚህ ጥናት መለየት አይቻልም። ሰዎቹም ጥቂት ናቸው። ተስፋ ሰጪ ነው ማለት ይቻላል፤ ከዚያ ማለፍ ግን ሕመምተኛን ማታለል ይሆናል።

አሁን ወደ ፍሎራይዱ እንመለስ። ፍሎራይድ ብረት አይደለም። ውሃ ውስጥ ሲሟሟ የሚይዘው ሙል ኔጌቲቭ ነው። የዋቅላሚው ግድግዳም ኔጌቲቭ ነው። ትምህርት ቤት ሁለት ማግኔት በአንድ ወገናቸው ሊያጋጥም የሞከረ ልጅ ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ ይገፋፋሉ። እርሳስን የሚስበው ነገር ፍሎራይድን የማይስበው በዚህ ነው። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አጣምሮ "ሁሉንም ያወጣል" የሚል ሻጭ፣ ገመድና ወንፊት አንድ ሥራ ይሠራሉ እንደሚል ሰው ነው።

በእርግጥ በህንድ አገር በአይጦች ላይ የተሠራ ሙከራ አለ። ፍሎራይድ ከተሰጣቸው እርጉዝ አይጦች የተወለዱት ግልገሎች፣ እናቶቻቸው ስፓይሩሊና ሲጨመርላቸው ጉዳቱ ቀለል ብሎ ታይቷል። የተሰጠው ማብራሪያ ስፓይሩሊና ፍሎራይድን ያስወጣል የሚል ሳይሆን፣ በውስጡ ያሉት ንጥረ ነገሮች ፍሎራይዱ በሕዋሳት ላይ የሚያደርሰውን ማቃጠል ያበርዳሉ የሚል ነው። አይጥ ላይ የታየ ነገር ሰው ላይ እስኪታይ ድረስ አይጥ ላይ የታየ ነገር ነው። የበለዘን ጥርስ ያነጣ፣ የደረቀን ወገብ ያጠፈ ስፓይሩሊና ግን የለም።

ዱቄቱ ብረት የመያዝ ችሎታው ሌላ ጣጣም አለበት። የሚስብ ነገር ከየትም ይስባል። ያደገበት ውሃ ቆሻሻ ከሆነ እርሳሱንም አርሴኒኩንም ተሸክሞ ወደ ጣሳው ይገባል። በ2007 በአሜሪካ የታተመ የሕክምና ዘገባ በካሊፎርኒያ የምትኖር የ54 ዓመት ሴትን ታሪክ ይዟል። ፀጉሯ ይረግፍ፣ የማስታወስ ችሎታዋ ይደክም ነበር። ለጤናዋ ብላ በየቀኑ ትወስደው የነበረው ክኒን ከባሕር ዋቅላሚ የተሠራ ነበር፤ ሲመረመር አርሴኒክ ተገኘበት። ክኒኑን ስታቆም ምልክቶቹ እየጠፉ ሄዱ። የብሪታንያ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣንም በ2004 ሂጂኪ የሚባለውን የጃፓን የባሕር ዋቅላሚ ሕዝቡ እንዳይበላ የመከረው በውስጡ ባለው አርሴኒክ ምክንያት ነው።

በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ደግሞ ከክላማት ሐይቅ እየተቀዳ የሚሸጥ ሰማያዊ አረንጓዴ ዋቅላሚ ነበር። ሐይቁ ውስጥ አብሮት የሚበቅል ሌላ ዘር ማይክሮሲስቲን የተባለ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። የግዛቱ መርማሪዎች 87 ናሙና አንሥተው በ85ቱ መርዙን አገኙ፤ 63ቱ ከተፈቀደው መጠን በላይ ነበሩ። ሐይቅ ዳር በባልዲ ተቀድቶ የደረቀ ነገር፣ ንጹሕ ገንዳ ውስጥ ተቆጣጣሪ ባለበት ካደገው ጋር አንድ አይደለም። ጣሳው ላይ የላቦራቶሪ ምርመራ ውጤት የማያሳይ ሻጭ ሲገጥም መልሶ ማስቀመጥ ይሻላል። የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስዱ፣ የእንቅርት ወይም የታይሮይድ ሕመም ያለባቸው፣ እርጉዞችም ሐኪም ሳይጠይቁ ባይነኩት መልካም ነው።

በብረት የተመረዘ ሰው በምን እንደሚድን ያየችው ናይጄሪያ ናት። በ2010 በዛምፋራ ግዛት መንደርተኞች ወርቅ ያለበትን ድንጋይ ግቢያቸው ውስጥ ይፈጩ ነበር፤ ድንጋዩ እርሳስም ነበረው። ትቢያው ልጆች በሚጫወቱበት አፈር ላይ ተበተነ። ከ400 በላይ ሕፃናት ሞቱ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተረፉትን ያከሙት እርሳስን ከደም ይዞ በሽንት በሚያስወጣ መድኃኒት፣ በደም ምርመራ እየተከታተሉ ነው። እዚያም ቢሆን ሐኪሞቹ የመንደሩ አፈር ሳይጸዳ ሕክምና አንጀምርም ብለው ነበር፤ ዛሬ የታከመ ልጅ ነገ ያንኑ አፈር ይበላልና። የባንግላዴሹ ማጣሪያና የዛምፋራው አፈር የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ አስቀድሞ መግቢያው ይዘጋ።

ለስምጥ ሸለቆ መግቢያው የውሃ እንስራው ነው። ወንጂ ላይ የስኳር ፋብሪካው በ1954 ሥራ ሲጀምር ከየአገሩ የመጡ ሠራተኞች የጉድጓድ ውሃ እየጠጡ ሸንኮራ ሲቆርጡ ኖሩ። ጡረታ በወጡበት ዕድሜ ብዙዎቹ ጀርባቸው እንደ እንጨት ደርቆ ዞር ብሎ የጠራቸውን ሰው ለማየት መላ ሰውነታቸውን ማዞር ግድ ሆነባቸው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትን የመሳሰሉ ሐኪሞች ሕመሙን አጥንተው ለዓለም አሳወቁ። እነዚያ ሠራተኞች የጎደላቸው ስፓይሩሊና አልነበረም።

በየቤቱ መታረም ያለበት አንድ ስሕተት አለ። ውሃ ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋም። እንዲያውም እንፋሎቱ ሲሄድ ፍሎራይዱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል፤ ሁለት ሊትር ፈልቶ አንድ ሊትር ሲሆን በሊትር ሦስት ሚሊግራም የነበረው ስድስት ይሆናል። ውሃ አጋርን የመሰለ የክሎሪን ጠብታም ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አይነካም። ሁለቱም ለተቅማጥ የሚያስፈልጉ ናቸው፤ ለዚህ ግን አይሠሩም።

የሚሠሩት ሌሎች ናቸው። የመጀመሪያውና ከሁሉ የሚሻለው ውሃውን መለወጥ ነው፦ የዝናብ ውሃ ከጣሪያ ማጠራቀም፣ ፍሎራይዱ ዝቅተኛ ከሆነ ምንጭ በቧንቧ ማምጣት፣ አዳማ እንዳደረገችው ከአዋሽ ተጣርቶ እንዲመጣ ማድረግ። ይህ ሳይቻል ሲቀር የአጥንት ከሰል አለ። የከብት አጥንት አየር በተመጠነበት ምድጃ ተቃጥሎ፣ ተፈጭቶ፣ በበርሜል ይሞላና ውሃው በላዩ ያልፋል፤ ፍሎራይዱ አጥንቱ ላይ ይቀራል። ሰው አጥንት ውስጥ የሚገባበት ጠባዩ እዚህ በጎ ሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው። ከጊዜ በኋላ ከሰሉ ይጠግብና መለወጥ አለበት፤ በደንብ ካልተቃጠለም ውሃው እንዲሸት ያደርጋል፤ የከብት አጥንት ያለፈበትን ውሃ መጠጣት የሚቀፈው ሰውም አለ። ናልጎንዳ የሚባለው የህንድ ዘዴ ደግሞ አልሙኒየም ሰልፌትና ኖራ ውሃው ውስጥ በጥብጦ ዝቃጩን ማስቀረት ነው። መጠኑን የሚቆጣጠር ሠልጣኝ ይፈልጋል።

ምግብን በተመለከተም የሚባል አለ፤ እዚህ ላይ ደስ የሚል ዜና እንኳን ተገኝቷል። ካልሲየም አንጀት ውስጥ ፍሎራይድን ሲያገኝ በቀላሉ የማይሟሟ ውሑድ ይሠራል፤ ወደ ደም ሳያልፍ ይወጣል። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከካናዳው የሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው በስምጥ ሸለቆ ነዋሪ ለሆኑ ሴቶች የእንቁላል ቅርፊት ዱቄት ለስድስት ወር ሰጡ። በሽንታቸው የሚወጣው ፍሎራይድ ቀነሰ፤ ይህም ወደ ሰውነት የሚገባው ማነሱን ያሳያል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቅርፊቱ ከውስጡ ተጠራርጎ ይታጠባል፤ ጀርም እንዳይኖረው በደንብ ይፈላል፤ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ በሙቀጫ ተወቅጦ እንደ ዱቄት እስኪልም ይነፋል። ጥርስ ላይ የሚንቋሸሽ ከሆነ ገና ነው፤ እንደገና ይወቀጣል። ከምግብ ጋር ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህሉ ለአንድ አዋቂ በቀን ከሚያስፈልገው ካልሲየም አብዛኛውን ይሰጣል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስፓይሩሊና የሚሰጠው አሥር ሚሊግራም አይሞላም። አንዱ ከጓዳ የሚጣል ነው፤ ሌላው በውድ የሚገዛ። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰውም ሆነ ለሕፃን ልትሰጥ ያሰበች እናት ግን አስቀድመው የጤና ባለሙያ ያማክሩ።

ስፓይሩሊና ገዝቶ የሚበላ ሰው፣ ንጹሕ መሆኑ ከተረጋገጠ፣ ለምግብነቱ ይብላው፤ ክፉ ምግብ አይደለም። ለፍሎራይድ ብሎ የሚገዛው ሰው ግን ገንዘቡን ለማጣሪያ ቢያውለው ልጆቹን ጠቅሟል።

በስምጥ ሸለቆ የምትኖሩ አድማጮች፣ ነገ ማለዳ ወደ ወረዳችሁ የውሃ ጽሕፈት ቤት ሂዱና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የምንጠጣው ጉድጓድ በሊትር ስንት ሚሊግራም ፍሎራይድ አለው? ቁጥሩ ከ1.5 በላይ ከሆነ፣ በቤታችሁ ያለው ጥቂት የዝናብ ወይም የተጣራ ውሃ ከስምንት ዓመት በታች ላሉት ልጆች መጠጫና ለሚያጠቡ እናቶች ይቀመጥ፤ ጉድጓዱ ለልብስ ማጠቢያ ይሁን። ቁጥሩ ካልተለካም እንዲለካ ወጥራችሁ ያዙ።